ቡራቡሬዋ ሸክላ

ውድ ጋሼ፣

ባለፈው ማክሰኞ ጥርሴን ላስነቅል ወደ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሄድኩ። ሊፍት ውስጥ ሰው የሚያየው ያጣል፤ አንዱ የጫማውን ጫፍ ያያል፣ አንዱ ጣሪያውን። እኔ ከቁልፎቹ በላይ የተለጠፈውን የጥገና ካርድ አነበብኩ። ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የሠራተኛው ፊርማ። ፊርማው ያንተ ነው። ያቺ መጨረሻዋ ላይ እንደ ሽቦ ተጠቅልላ ወደ ላይ የምትሾልከው ፊርማህ። ቀኑም የሩቅ አይደለም፤ ያለፈው ወር ነው።

የጥርስ ሐኪሙ አራተኛ ፎቅ ነበር። እኔ ግን እስከ ስምንተኛ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። አብረውኝ የነበሩ አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ ፎቁ ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ከተማ የወጣህ መስሎኝ ነበር። ለካ ከሥራ ቦታዬ አሥራ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ በየወሩ ትመላለሳለህ።

ስወርድ ጥበቃውን ጠየቅኩት።

«ሊፍቱን የሚጠግነው ማነው?»

«ሽበታሙ ሰውዬ? በየወሩ መጀመሪያ ሳምንት ብቅ ይላል። ምን አጠፋ?»

«ኧረ ምንም። ዘመዴ ነው።»

«ዘመድህ ከሆነ ስልኩን እንዴት አጣኸው?»

 ደብዳቤ ብተው ይሰጥልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ እሺ አለ። ይህን የምጽፍልህ ለዚያ ነው። ልነግርህ የሚገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ የያዝኩት። ግን እሱን ብቻ ነቅዬ ብሰጥህ እንደዚያ ጥርስ ደም ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ። አብዛኛውን አንተም ታውቀዋለህ፤ እኔ እንዴት እንደማስታውሰው ግን አታውቅም።

ማተሚያ ቤት የተቀጠርኩ ጊዜ ቤታችሁ ለሥራዬ ስለሚቀርብ እህቴ «ና፣ እኛ ጋ ሁን» አለችኝ። ከተጋባችሁ ገና ስምንት ወራችሁ ነበር። አዲስ ሙሽሮች መሀል እንደ ትርፍ ትራስ ገባሁ። አክብሮት ያሳየሁ መስሎኝ «እርስዎ» ስልህ ሳቅህ መጣ። «እርስዎ የሚባለው ላይ ፎቅ ቢሮ ያለው ሰው ነው። እኔ ከሊፍቱ ስር ጉድጓድ ውስጥ ነው የምውለው፤ አንተ በለኝ» አልከኝ። አንተ አልኩህ። ስምህን መጥራት ግን አልደፈርኩም፤ ጋሼ ሆነህ ቀረህ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አስታውሳለሁ። እህቴ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ተረኛ ነበረች። አንተ ግሪሱ ከጥፍርህ ስር እስኪወጣ በሳሙና ዱቄትና በአሸዋ እጅህን ታሻለህ። ሁለት ጊዜ ታጠብክ። ሁለት ጊዜ አደረቅክ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር የሙዚቃ ሸክላ በጠርዟ ብቻ ይዘህ አወጣህ፤ ሕፃን የሚያነሳ ሰው እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም። ሽፋኑ ላይ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ አራቱም እንቅልፍ ያልጠገቡ የሚመስሉ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። የባንዱ ስም «በደረጃ ተጠቀሙ» ነው። የሊፍት ጠጋኝ በዓለም ላይ ካሉት ባንዶች ሁሉ ይህን መርጦ መውደዱን የሰማ የሥራ ባልደረባህ ሁሉ ይስቅብህ ነበር። አንተ ግን የተበላሸ ሊፍት በር ላይ የሚለጠፈውን ያንኑ ማስታወቂያ እቤት አምጥተህ ከማጫወቻው በላይ ሰቀልከው።

«ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» አልኩህ።

«ፓንክ ነው።»

«ፓንክ ምንድነው?»

«መጫወት ሳይችሉ መጫወት የማያፍሩ ሰዎች ሙዚቃ» አልከኝ።

መርፌው አረፈ። አሥራ አንድ ዘፈን፤ ሁለት ደቂቃ የሚሞላ አንድም የለም። ከበሮ የምትመታው ልጅ የሚያሳድዳት ሰው ያለ ይመስል ትሮጣለች፤ ሌሎቹ ከኋላዋ ለመድረስ ይንደፋደፋሉ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኛ ቤት የሚጮኸው የተጣላ ሰው ብቻ ነበር። ሰው ደስ ብሎትም ሊጮህ እንደሚችል ያን ቀን ሰማሁ። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተ ብልህ አትስቅብኝም፤ አንተም አይተኸኛል። ሲያልቅ ገለበጥካት።

እማዬ ልትጠይቀን የመጣች ቀንማ ትዝ ይልሃል? በሩን ከፍታ ቆማ አዳመጠች፣ አዳመጠች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ይሄን ሰውዬ ምን እያደረጉት ነው?» አለች።

«ደስ ብሎት ነው እማማ» አልካት።

«ኧረ ይተዉት፣ ጥርሱን እየነቀሉት ነው እንጂ» አለችና ገብታ ተቀመጠች። እስኪያልቅ ድረስ ግን ዝጉት አላለችም። ስትወጣ ለእህቴ በጆሮዋ «ባልሽ ደህና ልጅ ነው፤ ጆሮው ብቻ ነው የታመመው» አለቻት። እኔ ሰምቻታለሁ።

ከዚያ ባለ ሸክላው መጣ። ማለቴ እኛ ሄድንበት። ከጫማ ሠሪው ስር ባለው ምድር ቤት፣ ወገቡን አሞት ሁልጊዜ በሁለት ትራስ መሀል ተቀምጦ አሮጌ ሸክላ የሚሸጠው ሰውዬ። የማስቲሽ ሽታ ከላይ ይወርድበታል፤ ሸክላ በካርቶን በካርቶን ተደርድሯል። ያን ቀን አንዷን ከሽፋኗ ሳብ አድርጎ አሳየህ። ያቺው ባንድ፣ ያቺው ሸክላ፤ ግን ቀይ። እንደ ከረሜላ ቀይ። 

«እነዚህ ልጆች ድሆች ነበሩ» አለ ባለ ሸክላው። «ፋብሪካው የሌላ ሰው ሥራ ሲጨርስ በተረፈው ፕላስቲክ ነው ያተመላቸው። ቀይ ከተረፈ ቀይ፣ ቢጫ ከተረፈ ቢጫ። ሰባት ዓይነት አለች ይባላል። የመጨረሻዋ ከወለል ላይ ከተጠረገው ርጋፊ የተሠራች ናት። ቡራቡሬ። አንዷ ከሌላዋ አትመሳሰልም። እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻት አላውቅም።»

እዚያ ጋ ነው የተያዝነው። ሰባት ማለቱ ነው ያጠፋን። ሰው ቁጥር ካልሰጡት ይረካል።

እህቴ ቀይዋን ስታይ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር።

«ዘፈኑ ይለያያል?»

«አይለያይም» አልካት።

«ታዲያ ሁለት ምን ያደርግልሃል?»

«አንቺስ ሦስት ነጭ ጋውን አለሽ አይደል?»

«የኔ ስለሚቆሽሽ ነው። ያንተ ምን ሊሆን?»

ወደ እኔ ዞርክ።  መልሱን ያገኘነው በኋላ ነው። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ «አንዷን አስቀምጥ» አልከኝ። አስቀመጥኩ። መርፌው ገና ዳር ላይ እያለ «ቀይዋ ናት» አልክ። ጥቁሯን አስቀመጥኩ፤ ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ «ጥቁሯ» አልክ። ለካ እያንዳንዷን በጭረቷ ታውቃታለህ። የሕንፃ ሁሉ ሊፍት ጆሮህን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ የምታክም ሰው፣ ይህ አያቅትህም። «ቀይዋ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሁለት ጊዜ ታስላለች» አልከኝ። እውነትህን ነው፤ ሁለት ጊዜ ታስላለች።

ቢጫዋን ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ አገኘናት፤ የግድግዳ ሰዓት ሆና። ፀጉር አስተካካዩ መሀሏ ላይ የሰዓት ቆጣሪ ተክሎ፣ ዙሪያዋን ቁጥር ለጥፎባታል። አንተ ፀጉርህን እየተቆረጥክ በመስታወቱ ውስጥ አየሃት፤ ሰውዬው ምላጭ እንደያዘ ብድግ አልክበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ለፍተህ ሰዓቱን ወደ ሌላ ሸክላ አዛወርክለት። እንዲያውም የእሱ ሰዓት ይዘገይ ነበር፤ አስተካክለህ ሰጠኸው። ነጯን አንዲት የኮሌጅ ተማሪ በሌላ ሸክላ ለወጠችን። እንደ ውሃ የምታሳየዋን ባለ ሸክላው ራሱ አስቀመጠልህ፤ መስኮቱ ላይ ይዘህ ሰፈሩን በእሷ ውስጥ አሳየኸኝ።

አረንጓዴዋ ግን አታለለችን። አንድ መነጽራም ሰውዬ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልን። አንተ ደስታህን መቆጣጠር አቅቶህ ነበር። እኔ ቀለም ቀላቃይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቀለም ሳሸት ነው የምውለው። ጠጋ ብዬ ሳሸታት «ጋሼ፣ ይሄ የብረት በር ቀለም ነው» አልኩህ። አውራ ጣቴን ብጭንባት ጣቴ አረንጓዴ ሆነ። ሰውዬው መነጽሩን አስተካከለና «ፋብሪካው ነዋ ያልጨረሳት» አለ። አንተ እስኪያምህ ሳቅክ። ሰውዬውንም አልተቆጣኸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ባለ ሸክላው ጋ ስንገባ «አሽታት» ትለኛለህ፤ እኔም እንደ ቁም ነገር አሸታለሁ። ማተሚያ ቤት ማንም ሙያዬን እንደዚያ አክብሮት አያውቅም።

እውነተኛዋን አረንጓዴ ፍለጋ አራት ሰዓት በአውቶቡስ ሄድን። ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ እጅ ላይ ነበረች። «ሚስቴ ሳትጥላት ውሰዷት» ብሎ ሰጠን። ስንመለስ ዝናብ ነበር፤ ሸክላዋን ጭንህ ላይ አድርገህ መስኮቱን ታያለህ። 

«ሴት ነበረች» አልከኝ።

ስለ ከበሮ መቺዋ የምታወራ መስሎኝ «አዎ፣ ሽፋኑ ላይ አለች» አልኩህ። ይህን እያስታወስኩ ስንት ጊዜ እንዳፈርኩ።

«ፅንሱ» አልክ። «ሐኪሙ ነገረን። ሴት ነበረች። እህትህ ስም አውጥታላት ነበር፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም።»

«ለምን አትጠይቃትም?»

«እፈራለሁ» አልክ።

እህቴን በአምስተኛ ወሯ ፅንሱ ከወረደባት ሦስት ወር ሆኖት ነበር። እኛ ቤት ስለዚያ ነገር ማንም አንስቶ አያውቅም። እህቴ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገባች፤ አንተ ሊፍትህን ጠገንክ፤ እኔ ቀለሜን ቀላቀልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንተና እኔ ከቤት እንወጣለን። አሁን ሳስበው ሸክላ ፍለጋ ብቻ አልነበረም የምንወጣው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ራት ላይ እህቴ «ተራዬን አስቀይሬያለሁ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቤት ነኝ» አለች። አንተን ነበር ያየችው። አንተ ሳህኑን አየህ።

«አንዷ ብቻ ናት የቀረችን» አልካት። «ቡራቡሬዋን እንዳገኘን አቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ያንቺ ነው።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ። እኔም መሀላችሁ ተቀምጬ ደስ እንዳለው ሰው ፈገግ አልኩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልመጣ ነው ጋሼ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ አንተ አንድ ሆቴል ሊፍት ውስጥ ሰው ተይዞ ተጠርተህ ነበር። እኔ ከሥራ ስወጣ በባለ ሸክላው በኩል አለፍኩ። ከሁለቱ ትራሶች መሀል ተነስቶ ቆመ፤ ቆሞ አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ቤት የሚለቁ ሰዎች የሰጡትን ካርቶን ሲፈታ አግኝቷት ነው። ከሽፋኗ አወጣት።

እኔ ስለ ቀለም ብዙ መናገር እችላለሁ። ስለ እሷ ግን አልቻልኩም። የስድስቱም ቀለም አለባት፤ ግን እንደተደባለቀ ቀለም አልጨቀየችም። አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ጭስ ሄዶ፣ ሳይነካካ ቆሟል። ማሽን ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢወጣ ተበላሸ ብለን እንጥለዋለን።

«ጋሼህ ሲያያት ይስታል» አለ ባለ ሸክላው።

ገዛኋት። በጃኬቴ ውስጥ ይዣት ገባሁና ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከወፍራሙ ብርድ ልብስ ስር አስቀመጥኳት። ቅዳሜ ጠዋት ልሰጥህ ነበር። ይህን ማመን ብትችል ደስ ይለኛል። አስቤ የነበረው ፊትህን አስዙሬህ መርፌውን ካስቀመጥኩ በኋላ «የትኛዋ ናት?» ብዬ ልጠይቅህ ነበር። ጭረቷን የማታውቃት ብቸኛዋ እሷ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ካፖርትህን ለብሰህ የክፍሌ በር ላይ ቆምክ። «ዛሬ የት እንሂድ?» አልከኝ። ከኋላህ እህቴ የቡና ስኒዋን ይዛ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ የሚቀጥለው ቅዳሜ ታየኝ። እናንተ ሁለታችሁ ስትወጡ፣ እኔ በመስኮት ሳያችሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አባት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። በሳምንት ሰባት ቀን ውስጥ ሰው የምሆነው በዚያች በአንዷ ነበር።

«ባለ ሸክላው ሐሙስ አዲስ ነገር የለም ብሎኛል» አልኩህ። «ወደ ሰሜኑ ሰፈር እንሂድ።»

ሰኞ ወደ ባለ ሸክላው ሄጄ «ለልደቱ ልሰጠው ነው፣ እንዳትነግርብኝ» አልኩት። ልደትህ መጣ፣ ሄደ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ። አንድ ሳምንት የዘገየ ስጦታ ስጦታ ነው፤ ሦስት ወር የዘገየ ምን ተብሎ ይሰጣል? አሥራ አራት ወር አብሬህ ፈለግኳት። በዝናብ፣ በፀሐይ፣ በአውቶቡስ፣ በእግር። ሰዎችን «ቡራቡሬ ሸክላ አላያችሁም?» እያልኩ ከአንተ ቀድሜ እጠይቅ ነበር።

እህቴ መጀመሪያ ምሳ አዘጋጅታ ትጠብቀን ነበር። ከዚያ ምሳውን ከድና መተው ጀመረች። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስንመለስ ቤት አልነበረችም፤ የድሮ ተራዋን መልሳ ወስዳለች። አንተ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልካት። እሷ «ምን ብዬ?» አለች። እንደዚያ ነው ያለቀው፤ ሳትጣሉ። ስትጣሉ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ ለመለያየት መወሰናችሁን ነገራችሁኝ፤ አንተ ተናገርክ፣ እሷ ራሷን ነቀነቀች።

የሄድክ ቀን ስድስቱን ሸክላዎች በካርቶን አደረግክ። ማጫወቻውን ልትተወው ስትል እህቴ «ውሰደው፣ ያንተ ነው» አለችህ። የክፍሌ በር ላይ መጥተህ እጄን ጨበጥከኝ። ቁም ሳጥኑ ከጀርባዬ ነበር። ሁለት እርምጃ። መዞር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልዞርኩም።

ሌላም አለ፤ ይህኛውን ምናልባት ታውቀዋለህ። እማዬ ሰብስባን «ከእንግዲህ የዚያ ሰው ስም በዚህ ቤት አይነሳ» ብላ ነበር። ልጇ ስትከሳ እያየች ምን ትበል። በሦስተኛው ሳምንት ማተሚያ ቤት መጣህ። ፎርማኑ ገብቶ «አማችህ በር ላይ ነው» አለኝ። «የለም በልልኝ» አልኩት። ከወረቀት ክምር ኋላ ቆሜ አየሁህ። ፎርማኑ ሲነግርህ አልተከራከርክም። ትንሽ ቆምክ፤ ማሽኖቹን እያዳመጥክ። ከዚያ ለፎርማኑ የሆነ ነገር ነግረኸው ወጣህ።

ምን እንዳልከው ጠየቅኩት። «ሁለተኛዋ ማሽን ኩሽኔታዋ ሊበላ ነው፣ ንገራቸው አለኝ» አለ። በሳምንቱ ተሰበረ።

ያን ቀን ጃኬቴ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንተ የገዛህልኝ ጃኬት። አጠገቡ ነበር የቆምከው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየውም ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ፤ አይተኸዋል።

ስለ እኛ ልንገርህ። እማዬ አርፋለች፤ አምስት ዓመት ሆናት። መጨረሻዋ ላይ ስም ይምታታባት ነበር፤ አንድ ቀን ግን ድንገት «ያ የሊፍቱ ልጅ የት ደረሰ? ደህና ልጅ ነበር» አለችኝ። ራሷ የከለከለችውን ራሷ አነሳችው። እኔ አግብቻለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። አሁን ፎርማኑ እኔ ነኝ። እህቴም አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቷ ዘንድሮ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ደህና ናቸው። ቡራቡሬዋ እኔ ጋ ናት፤ ሦስት ቤት ስቀይር አብራኝ ተዛውራለች። አንድ ቀንም አላጫወትኳትም።

ፊርማህን ባየሁ በሦስተኛው ቀን እህቴ ቤት ሄድኩ። የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ ትተኩስ ነበር። ቆሜ ነገርኳት፤ እንዳገኘኋት፣ እንደደበቅኳት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደደበቅኳት። ካውያውን አላቆመችም።

«የት ነበር ያስቀመጥካት?» አለች።

«ቁም ሳጥኔ ውስጥ። ከብርድ ልብሱ ስር።»

«ያን ብርድ ልብስ ማን ነበር የሚያጥበው?»

ቀና ብዬ አየኋት።

«እኔ ነበርኩ» አለች። «አይቻታለሁ። ክረምት ሊገባ ሲል ላጥበው ሳወጣው አየኋት። ሽፋኗን ከፍቼ አየኋት፤ ቆንጆ ነበረች። መልሼ ከደንኳት።»

 ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርሽውም?»

ካውያውን አቆመች። «ሳያገኛት ይተዋት እንደሆነ ለማየት ፈልጌ ነው» አለች። «ካገኛትማ ምን ይደንቃል፣ ስላለቀለት ነው ቤት የሚቀመጠው። እኔ የፈለግኩት ሳያልቅለት እንዲቀመጥ ነበር። እያንዳንዷን ቅዳሜ ዛሬ ይቀራል እያልኩ ጠበቅኩ።»

«እኔ ነኝ ያፋታኋችሁ ብዬ ነበር የመጣሁት» አልኳት።

«ጅል» አለችኝ። «ፕላስቲክ ሰው አያፋታም። ቅዳሜውን ቢሰጠኝስ ምን ልናወራ ነበር? ሁለታችንም አንድ ነገር ፈርተን በየፊናችን ሸሸን። እሱ ወደ ውጭ፣ እኔ ወደ ሥራ።» ከዚያ የልብሱን እጅጌ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ግን ታውቃለህ፣ አንድ ሁለት ቅዳሜ ብሞክረው ደስ ይለኝ ነበር።»

ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሷ ሻይ አፈላችልኝ።

ልወጣ ስል «ልጽፍለት ነው» አልኳት። «ጻፍለት» አለች። «የኔንም ጻፍለት። አንተ ብቻህን አትሸከመው፤ እሱም ይወቀው። ደግሞ ስትጽፍለት የሚያለቃቅስ ነገር አታብዛበት፣ አይወድም።» በተቻለኝ መጠን ቃሏን ጠብቄያለሁ።

ሸክላዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጥበቃው ልተውልህ አስቤ ነበር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ግን አንዴ ከወረቀት ክምር ኋላ ተደብቄብሃለሁ፤ አሁን ደግሞ ከጥበቃ ኋላ አልደበቅም። በእጄ ነው የምሰጥህ። ልታየኝ ካልፈለግክ ከደብዳቤው ጀርባ በጻፍኩት ስልክ ቁጥሬ አንዲት ቃል ላክልኝና ለጥበቃው እተዋታለሁ፤ አልቀየምም፣ መብትህ ነው። ከፈለግክ ግን ቦታውንም ቀኑንም አንተ ምረጥ። ሥራ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የለኝም። ስድስቱ አሁንም አንተ ጋ ይኑሩ፣ አይኑሩ አላውቅም፤ ቢሸጡም ቢሰበሩም ግድ የለኝም።

ሰዎች ያንተን ነገር ሲጠይቁኝ «የእህቴ የቀድሞ ባል» ነበር የምለው፤ ሌላ ቃል ስላልነበረኝ። ጥበቃውን ግን ሳላስበው «ዘመዴ ነው» አልኩት፤ ያልኩትን መልሼ አላነሳም። የተለያያችሁት እናንተ ናችሁ ጋሼ። የፍቺው ወረቀት ላይ የሰፈረው የሁለታችሁ ስም ነው፤ እኔ በዚያ ወረቀት ላይ የለሁም።

ወንድምህ